የአቀንጭራው ጂንና የጥቅስ ቁጥር፦ የተመራማሪ ሥራ በምን ይመዘናል?

ባሕር ዳር፦ በሰሜን ወሎና በዋግ ኽምራ ቆላማ ቀበሌዎች ማሽላ ለሚያመርት አርሶ አደር አቀንጭራ ምን እንደኾነ ማስረዳት "ለቀባሪው አረዱት" እንደሚባለው ነው። ሐምራዊ አበባው ከመሬት በላይ ብቅ ሲል ጉዳቱ ከደረሰ ሰንብቷል። ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አቆራኝቶ ውኃውንና ምግቡን ሲመጥጥ የቆየው ከአፈር በታች ነው።

እ.ኤ.አ በ2017 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ የምርምር መጽሔት ያወጣው አንድ ጽሑፍ አንዳንድ የማሽላ ዝርያዎች ይህንን አረም በምን መንገድ እንደሚቋቋሙ በጂን ደረጃ አሳይቷል። ጸሐፊዎቹ ስምንት ሲኾኑ ከመካከላቸው ገቢሳ ኤጄታ (ፕሮፌሰር) እና ተስፋዬ መንግሥቴ (ፕሮፌሰር) በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ጽሑፉ ዛሬ በእያንዳንዳቸው የሕትመት መዝገብ ላይ አንድ መስመር ኾኖ ይታያል። ከመስመሩ ጎን ደግሞ በሌሎች ጥናቶች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ የሚናገር ቁጥር ሰፍሯል።

ያ ቁጥር ምን ይለካል? ምንስ ያመልጠዋል? ጥያቄው የዩኒቨርሲቲ ሰዎች የውስጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የደረጃ ዕድገት፣ የምርምር ገንዘብና የውጭ የትምህርት ዕድል የሚሰጡ አካላት ቁጥሩን አይተው በሚወስኑበት ዘመን፣ አንድ ወጣት የሞለኪውላር ባዮሎጂ ባለሙያ ማሽላን ወይም ጤፍን ለማጥናት መምረጡ ያዋጣዋል አያዋጣውም የሚለውን የሚወስነው በከፊል ይኸው ቁጥር ነው። ስለዚህ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ማሳ ላይ ይደርሳል።

ጥቅስ ማለት አንድ ተመራማሪ ጽሑፉን ሲያዘጋጅ የተጠቀመበትን ቀደምት ሥራ በዋቢነት መጥራቱ ነው። እነዚህን ጥሪዎች ሰብስቦ በመዝገብ መልክ የማውጣቱን ሐሳብ እ.ኤ.አ በ1955 ያቀረበው አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ነው፤ የመጀመሪያው ሰፊ መዝገብም በ1964 ታትሟል። የመነሻ ዓላማው ተመራማሪዎች እርስ በርስ የተያያዙ ጽሑፎችን በቀላሉ እንዲያገኙ መርዳት ነበር። ሰውን መመዘኛ የኾነው ቀስ በቀስ ነው። ከዚያ የምርምር መጽሔቶችን ደረጃ የሚያሳየው "ኢምፓክት ፋክተር" መጣ። በ2005 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ሂርሽ የአንድን ተመራማሪ ሥራ በአንድ ቁጥር የሚጠቀልለውን "ኤች ኢንዴክስ" አቀረቡ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ኤች ኢንዴክሱ 20 የኾነ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ሃያ አንደኛው ጽሑፍ ገበሬውን ከረኀብ ያዳነ ሥራ ቢኾንና አምስት ጊዜ ብቻ ቢጠቀስ በስሌቱ ውስጥ ቦታ የለውም።

ወደ አቀንጭራው እንመለስ። የዚህ አረም ዘር እንደ ደቃቅ አቧራ ያነሰ ነው፤ አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ዝናብ ስለዘነበ ብቻ አይበቅልም። የሚነቃው አስተናጋጅ የኾነ ተክል ሥር በአቅራቢያው መኖሩን የሚያበስር ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ኬሚካሎቹ ስትራይጎላክቶን ይባላሉ። ማሽላው ይህንን ኬሚካል የሚረጨው ጠላቱን ለመጥራት አይደለም፤ በአፈር ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ፈልቅቀው የሚያቀብሉትን ጠቃሚ ፈንገሶች ለመጋበዝ ነው። ፎስፈረስ ሲያንሰው ግብዣውን ያበዛል። አቀንጭራ ለሌላ የተላከውን ግብዣ ሰምቶ የሚመጣ ያልተጠራ እንግዳ ነው። አረሙ በተራቆተ መሬት ላይ የሚበረታበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የ2017ቱ ጽሑፍ ያገኘው ጂን "ኤልጂኤስ1" የሚል ስም ተሰጥቶታል። ጂኑ በተለመደው መልኩ ሲሠራ የማሽላው ሥር በብዛት የሚያመነጨው የአቀንጭራን ዘር አጥብቆ የሚቀሰቅሰውን "5 ዲኦክሲስትራይጎል" የተባለ ዓይነት ነው። ጂኑ ሲጎድል ወይም ሥራውን ሲያቆም ግን የሚበዛው "ኦሮባንኮል" የተባለው ሌላ ዓይነት ይኾናል፤ ይህ ደግሞ የአቀንጭራን ዘር የመቀስቀስ ኃይሉ እጅግ ደካማ ነው። ግብዣው አልተቋረጠም፤ ቋንቋው ተለወጠ እንጂ። አረሙ ሳይሰማ ፈንገሱ ይሰማል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የጊዜ ቅደም ተከተል የሕትመት መዝገብን ብቻ ለሚያነብ ሰው ግራ ያጋባል። ጂኑ ስም ያገኘው በ2017 ይኹን እንጂ አቀንጭራን የሚቋቋመው ዘር አርሶ አደሩ እጅ የገባው ከዚያ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ በፊት ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር በመኾን የማሽላ ሥር የሚያመነጨውን ቀስቃሽ መጠን በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የሚለዩበትን ቀላል ዘዴ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ) አሳትመዋል። ጠባዩ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በአንድ ጂን አማካይነት መኾኑንም በ1996 አሳይተዋል። "ኤስአርኤን39" ከተባለው ተቋቋሚ ማሽላ ጋር በተደረገ ማዳቀል የተገኙት ዝርያዎች ወደ በርካታ የአፍሪካ ሀገራት ተሠራጭተዋል። ከእነዚህ ሁለቱ፣ ፒ9401 እና ፒ9403፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ጎብዬ እና አብሽር ተብለው ተለቅቀዋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ ተቀብለዋል።

እንግዲህ ሚዛኑን አስቡት። ጎብዬን የዘራ አርሶ አደር ጥናት አይጽፍም፤ ስለዚህም ማንንም አይጠቅስም። የዝርያ መለቀቅ በግብርና ሚኒስቴር የዝርያ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ በዓለም አቀፍ የጥቅስ ቋቶች ግን እንደ ጽሑፍ አይቆጠርም። ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች በአማርኛ የተዘጋጀ የአረም መከላከያ መመሪያም እንዲሁ። በጥቅስ ቋቱ ዓይን ሲታይ አንድ ሰው ሃያ ዓመት ዘር ሲያዳቅል ቢኖር ሃያ ዓመት ዝም እንዳለ ይቆጠራል። የፕሮፌሰር ገቢሳ ዝና ከቁጥሩ በላይ የኾነው ሥራቸውን ከመዝገብ ውጭ የተመለከቱ ሸላሚዎች ስለነበሩ ነው፤ እያንዳንዱ አዳቃይ ግን እንዲህ ያለ ተመልካች አያገኝም።

የፕሮፌሰር ተስፋዬ መዝገብ ሌላውን የነገሩን ገጽታ ያሳያል። የእርሳቸው ሙያ የዕፅዋት በሽታ መከላከያ ሞለኪውላዊ አሠራር ነው። በ2006 የምርምር ቡድናቸው "ፕላንት ሴል" በተባለው መጽሔት ላይ "ቢክ1" ስለተባለ ጂን ጽፏል። ጥናቱ የተሠራው አራቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ የቤተ ሙከራ ተክል ላይ ነው። ማንም አይበላትም፤ ማንም አይሸጣትም። ነገር ግን የትውልድ ዑደቷ አጭር፣ ጂኖሟም ትንሽ በመኾኑ በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ ሙከራዎች ይጠቀሙባታል፤ ጂኖሙ ሙሉ በሙሉ የተነበበ የመጀመሪያው ተክልም በ2000 እርሷ ነበረች። ቢክ1 መጀመሪያ የተጠናው ቲማቲምንና መሰል ሰብሎችን ከሚያበሰብሰው የቦትራይቲስ ሻጋታ ጋር በተያያዘ ነበር። በ2010 ሌሎች ሁለት ቡድኖች ጂኑ ዕፅዋት ተሕዋስያንን ለይተው ለሚያስተላልፉት የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ማዕከላዊ እንደኾነ ሲያሳዩ የ2006ቱ ጽሑፍ ተፈላጊነት ጨመረ። ዛሬ በጥቅስ ብዛት የአቀንጭራውን ጽሑፍ በብዙ ይበልጠዋል።

ይህ ማለት የአራቢዶፕሲሱ ሥራ ከማሽላው ሥራ ይበልጣል ማለት ነውን? ዕድሜው በ11 ዓመት እንደሚበልጥ አንዱ ማስተካከያ ነው። ዋናው ግን የተነጋጋሪው ብዛት ነው። ጥቅስ የሚሰጡት ጽሑፍ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው፤ ስለ አራቢዶፕሲስ የሚጽፉት ደግሞ ስለ ማሽላና አቀንጭራ ከሚጽፉት እጅግ ይበዛሉ። ጠባብ ጉባኤ ፊት የተናገረ ሰው ሁሉም ቢያጨበጭቡለት እንኳ በስታዲየም ከተናገረው ጋር በጭብጨባ ድምፅ ሊወዳደር አይችልም። ኾኖም የመጀመሪያው ሥራ ከንቱ እንዳልኾነ መረሳት የለበትም። በትንሿ ተክል ላይ የተገኘው ዕውቀት በኋላ ለሰብል ጥናት መንገድ ይጠርጋል፤ ፕሮፌሰር ተስፋዬም ያንን ልምድ ይዘው በማሽላ የአንትራክኖስ በሽታ መቋቋሚያ ጂኖች ላይ ሠርተዋል። ሁለቱን የምርምር ዓይነቶች ማጋጨት አያስፈልግም፤ በአንድ ገመድ መለካታቸው ነው ስሕተቱ።

ጤፍ ከማሽላም ይብሳል። የጤፍ ጂኖም የመጀመሪያ ንባብ በስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ዘሪሁን ታደለ (ዶ.ር) ባሉበት ቡድን በ2014 ታትሟል፤ የተነበበውም ፀደይ የተባለው ዝርያ ነው። የሩዝ ጂኖም ረቂቅ ከዚያ 12 ዓመት ቀድሞ በ2002 ወጥቶ ነበር። ሩዝን የግማሹ ዓለም ተመራማሪ ያጠናዋል፤ ጤፍን በዋናነት የሚያጠኑት ግን ኢትዮጵያውያንና ጥቂት አጋሮቻቸው ናቸው። ስለዚህ ምርጥ የጤፍ ጽሑፍ ከመካከለኛ የሩዝ ጽሑፍ ያነሰ ጥቅስ ቢያገኝ የሚገርም አይደለም። ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ በ2006 ከተለቀቀ በኋላ በስፋት የተሠራጨው ነጭነትንና ምርታማነትን አንድ ላይ በማምጣቱ ነው፤ የስኬቱ ታሪክ በምርምር መጽሔት የወጣው ግን በ2011 ነበር። የገበያ ተፈላጊነቱን ለማወቅ ደግሞ ጽሑፉ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ማየት አያስፈልግም፤ እህል በረንዳ ሄዶ መጠየቅ ይበቃል።

ቁጥሩ የሚያሳስትባቸው ሌሎች መንገዶችም አሉ። በታሪክ እጅግ ብዙ ጊዜ ከተጠቀሱት ጽሑፎች ቀዳሚው ኦሊቨር ሎሪ እና ባልደረቦቻቸው በ1951 ያሳተሙት ነው፤ ከ300 ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። የያዘው አዲስ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን የፕሮቲን መጠን የመለኪያ ዘዴ ነው። ዘዴው ስለጠቀመ ሁሉም ጠቀሰው። የቀደሙ ሥራዎችን ሰብስበው የሚያቀርቡ የዳሰሳ ጽሑፎችም ከመነሻ ጥናቶች በላይ ይጠቀሳሉ። ስሕተትን ለማሳየት የተደረገ ጥቅስም እንደ ምስጋና ጥቅስ እኩል አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ስምንት ሰዎች የጻፉት ጽሑፍ 100 ጊዜ ቢጠቀስ ለስምንቱም መቶ መቶ ይመዘገብላቸዋል፤ ዓመታት ቤተ ሙከራ ውስጥ ያደረውም፣ በአንድ ክፍል የረዳውም። በዚህ የሙያ መስክ ብዙውን ጊዜ ዋናውን ሥራ የሠራው ሰው ስም መጀመሪያ፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ስም መጨረሻ ላይ ይሰፍራል፤ ቁጥሩ ግን ይህንን ቅደም ተከተል አያውቅም።

የኢትዮጵያውያን ስም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቋቶቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ማኅበረሰብ ነው። በእነርሱ አሠራር ተመራማሪው የሚጠራው በአባቱ ስም ሲኾን የራሱ ስም ወደ አንድ ፊደል ያጥራል። አንዱ መጽሔት በአባቱ ስም፣ ሌላው በራሱ ስም ሲመዘግበው፣ ፊደሉም አንዴ በአንድ ሌላ ጊዜ በሌላ ሆሄ ሲጻፍ፣ የአንድ ሰው ሥራ ለሁለትና ለሦስት ይከፈላል፤ የተለያዩ ሰዎች ሥራም በአንድ ስም ሥር ይደባለቃል። ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች የሚሰጠው "ኦርኪድ" የተባለ መለያ ቁጥር ይህንን ለመፍታት የመጣ ነው። ያልተመዘገበ ተመራማሪ ካለ መመዝገቡ የሚጠቅመው እርሱኑ ነው፤ ወጪም የለውም።

የመዘግየትም ነገር አለ። የአቀንጭራን ዘር የሚቀሰቅሰው የመጀመሪያው ኬሚካል ከጥጥ ሥር ተለይቶ የታወቀው በ1966 ነው። የሚገርመው ጥጥ ራሱ በአቀንጭራ አይጠቃም። ለዐሥርት ዓመታት ጉዳዩ የጥቂት የአረም ተመራማሪዎች ጉዳይ ኾኖ ቆየ። በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ይኸው የኬሚካል ቤተሰብ ጠቃሚ ፈንገሶችን እንደሚጠራ አሳዩ። በ2008 ደግሞ ሁለት ቡድኖች የዕፅዋትን ቅርንጫፍ አወጣጥ የሚቆጣጠር ሆርሞን መኾኑን አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ መስኩ በሰው ተሞላ፤ የ1966ቱ ጽሑፍም ዳግም ተነበበ። በ1970 የእነዚያን ተመራማሪዎች ሥራ በጥቅስ ብዛት የመዘነ ኮሚቴ ቢኖር ምን ይል እንደነበር መገመት አያዳግትም። የበቆሎዋ ሊቅ ባርባራ ማክሊንቶክም ጂኖች ቦታ እንደሚቀያይሩ በ1950 ጽፈው፣ ሰሚ ሲያጡ ከ1953 ወዲህ በጉዳዩ ላይ መጻፋቸውን በአብዛኛው ትተው ነበር። የኖቤል ሽልማቱ የደረሳቸው በ1983 ነው።

በሳይንሱ ዓለም ውስጥም ይህ ያሳሰባቸው አሉ። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደ የሕዋስ ባዮሎጂ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ የተጠነሰሰው መግለጫ፣ ተመራማሪዎችን ያሳተማቸው መጽሔት ባለው "ኢምፓክት ፋክተር" መመዘን እንዲቀር ጠይቋል፤ ከዚያ ወዲህ በርካታ ተቋማት ፈርመውታል። መግለጫው ቁጥር ይጥፋ አላለም። ጽሑፉ ራሱ ይነበብ፤ መረጃ፣ ሶፍትዌርና ሌሎች የምርምር ውጤቶችም ይቆጠሩ ነው ያለው።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ለማደግ በታወቁ መጽሔቶች የታተሙ ጽሑፎች ይጠየቃሉ። መመዘኛ መኖሩ ተገቢ ነው፤ ያለ መመዘኛ የሚሾመው ዘመድ ያለው ነውና። ችግሩ ቆጠራው ንባብን ሲተካ ነው። ገንዘብ ከከፈሉ ማንኛውንም ጽሑፍ ሳይመረምሩ የሚያትሙ መጽሔቶች የሚኖሩት በዚህ ክፍተት ነው። ደንበኞቻቸውም ጊዜ ያጠራቸው፣ በጀት የሌላቸውና ቁጥር የሚጠየቁ መምህራን ናቸው። የአንድ ተመራማሪ አምስት ምርጥ ሥራዎች ተመርጠው በሙያው ሰዎች እንዲነበቡ ማድረግ፣ የተለቀቀን ዝርያና የተሠራጨን ዘር በማስረጃ አስደግፎ መቁጠር የማይቻል ነገር አይደለም። ጊዜ ይወስዳል፤ ከቁጥር ይልቅ ለክርክር በር ይከፍታል። ግን አንድ ዝርያ ለማውጣት አሥር ዓመት ለሚለፋ አዳቃይ ግማሽ ቀን ንባብ ቢሰጠው አይበዛበትም።

በጎ ጥቅስ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ምሳሌም ከዚሁ ከአቀንጭራ ይገኛል። በ2020 በዚያው በአካዳሚው መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት የ2017ቱን ግኝት ይዞ ወደ አፍሪካ የማሽላ ዝርያዎች ዞረ። የ"ኤልጂኤስ1" ጂን የጎደላቸው ወይም የማይሠራላቸው ማሽላዎች አቀንጭራ በሚበዛባቸው አካባቢዎች በብዛት እንደሚገኙ አሳየ። ይሁንና የጂኑ መጥፋት ያለ ዋጋ ላይኾን እንደሚችል፣ ከተክሉ ምግብ አዘገጃጀት ጋር የተያያዙ ጂኖች ላይ ለውጥ እንደሚታይም አመለከተ። ይህ ስም ለመጥራት ያህል የተደረገ ጥቅስ አይደለም፤ ግኝቱን ፈትኖ ወሰኑን ያሳየ ነው። በቋቱ ላይ ግን እንደ ሌሎቹ ሁሉ "አንድ" ብሎ ተቆጥሯል።

ከጥናቱ የሚወጣ ሌላም ነገር አለ። ተቋቋሚው ጠባይ አረሙ በጸናባቸው ሀገሮች በአካባቢ ዝርያዎች ውስጥ የተገኘው አረሙ ራሱ ደካማውን እየጣለ፣ አርሶ አደሩም ከተረፈው ማሽላ ለዘር የሚኾነውን ራስ እየመረጠ በብዙ ትውልድ ስላቆየው ነው። እነዚያ ዝርያዎች ዛሬ በየጎተራውና በኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የዘር ባንክ ውስጥ ይገኛሉ። የመረጧቸው እጆች ባለቤት ስም ግን በየትኛውም የጸሐፊዎች ዝርዝር ላይ የለም።